ፍየል፣ ውሻ፣ እርግብና የዋሂል ሕፃን

ዋሂል ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በአስተዳደሩ የገጠር ክፍል ይገኛል። ማሽላ የሚዘራበት፣ ፍየል የሚረባበት፣ ፀሐዩ የማይምር አገር ነው። እዚህ ተወልዶ አፉን የሚፈታ ሕፃን ሲጠማው እናቱን «ቢሻን» ይላታል፤ ኦሮምኛ ነው። ለሶማሌው ጎረቤት ውሃ «ቢዮ» ነው። ከከተማ የመጣው ነጋዴ ደግሞ «ውሃ» ይላል። ቃሉ ሦስት፣ ጣሳው አንድ።

ሦስቱ ቋንቋዎች የሚስማሙበት ነገር አለ፤ ቋንቋን በአፍ ይጠሩታል። ኦሮሞው ቋንቋውን «አፋን ኦሮሞ» ይለዋል፤ ሶማሌው «አፍ ሶማሊ»፤ አማርኛም «አፍ መፍቻ» የሚል ስም አለው። አማርኛው ግን አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል። የሚፈታ ነገር አስቀድሞ የነበረና የታሰረ ነው፤ ባዶ እንስራ ይሞላል እንጂ አይፈታም። ባለፈው ምዕተ ዓመት ሊቃውንትን ያጣላው ጉዳይ በአማርኛ ሲነገር ይኸው ነው፦ ልጅ ቋንቋን የሚያገኘው አፉ ሲሞላ ነው ወይስ ሲፈታ? ይሞላል ያሉት ባህሪ ተኮሮቹ፣ ቢሄቪየሪስቶቹ፣ ናቸው። የሐሳባቸው ዘር ግን ስማቸው ከመውጣቱ ከሺህ ዓመታት በፊት ፍየል ጋጣ ውስጥ ይገኛል። (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ሄሮዶቱስ እንደተረከው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅን የገዛው ፕሳሜቲኮስ ከሕዝቦች ሁሉ ቀዳሚው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጓጓ። ሁለት አራስ ልጆችን ለአንድ እረኛ ሰጠና ፊታቸው ማንም ቃል እንዳይተነፍስ፣ በየሰዓቱ ፍየል እያቀረበ ወተት እንዲያጠግባቸው አዘዘው። ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን እረኛው በሩን ሲከፍት ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው «ቤኮስ» አሉት። ንጉሡ አጠያይቆ ቃሉ በፍርግያ ሰዎች ቋንቋ ዳቦ ማለት መሆኑን ደረሰበት፤ ግብፃውያንም ቀዳሚነቱን ለፍርግያ ለቀቁ። ከጥንት ጀምሮ ግን ታሪኩን የጠረጠሩ አንባቢዎች ነበሩ፦ ልጆቹ ሲሰሙ የኖሩት ድምፅ የፍየል ነው፤ «ቤ» ያሉትም እሷን መስለው ነው አሉ። ልጅ የሰማውን ይመስላል፣ የመሰለውን ይናገራል የሚለው ሐሳብ የመጀመሪያ ቡቃያው ይህ ጥርጣሬ ነው። የዋሂል እረኛ ልጅ ቀኑን ሙሉ ከፍየል ጋር ውሎ ማታ ኦሮምኛውን እያንቆረቆረ ሲገባ ንጉሡ ቢያይ ምን ይል ነበር? አይ፣ ይህ ቀልድ ነው፤ ልጁ ወደ ፍየል ከመሄዱ በፊት ቤቱ አፉን ፈትቷል።

ሐሳቡን ከጥርጣሬ አውጥቶ በቅጡ ያስቀመጠው የቱኒስ ልጅ ኢብን ኻልዱን ነው። በ1377 በጻፈው ሙቀዲማ ቋንቋ እንደ እጅ ሙያ ያለ ልማድ ነው አለ፤ ቃሉም «መለካ» ነው። አንድ ድርጊት ሲደጋገም ጠባይ ይሆናል፤ ጠባዩ ሲደጋገም ሥር ይሰድዳል። የዓረብ ልጅ መጀመሪያ ነጠላ ቃላትን፣ ቀጥሎ አረፍተ ነገሮችን ከወገኖቹ እየሰማ፣ ሲደጋግም ሲደጋግም እንደ እነሱ ይሆናል። በዘመኑ ብዙ ሰው ዓረብ በተፈጥሮው አሳምሮ ይናገራል ብሎ ያምን ነበርና ኢብን ኻልዱን ይህንን ስህተት ነው ሲል ተሟገተ። አሜሪካኖቹ ባህሪ ተኮሮች ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ያሉትን ሁሉ አላለም፤ የመሠረቱን ድንጋይ ግን አኑሯል።

እኛ አገር ንድፈ ሐሳቡን ማንም አልጻፈውም፤ ሥራው ግን ሲሠራበት ኖሯል። የኔታ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ሕፃናቱ ፊደሉን በእንጨት እየጠቆሙ በዜማ ይቆጥራሉ። ፊደል ሲያበቃ አቡጊዳ፣ ከዚያ የዮሐንስ መልእክት፣ ከዚያ ዳዊት ይመጣል። ንባቡም ግዕዝ፣ ውርድና ቁም እየተባለ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ልጁ የሚያነበው ግዕዝ ምን እንደሚል አያውቅም፤ እንዲያውቅም በዚያ ደረጃ አይጠበቅበትም። ከአፍ የወጣው ድምፅ ትክክል ከሆነ ያልፋል፤ ከሳተ አለንጋው ቅርብ ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ ቤቱ ድግስ ይደገስለታል። በድሬዳዋና በሐረር በኩል ባለው የቁርኣን ትምህርትም ልጁ በቀለም ሉሕ ላይ የተጻፈለትን ይደግማል፣ ሲይዘው ሉሑ ይታጠባል፣ ሌላ ይጻፍበታል፤ ዓረብኛውን መረዳት ዘግይቶ የሚመጣ ነገር ነው። ስማ፣ ድገም፣ ከተሳካልህ ሽልማት፣ ከተሳሳትክ ቅጣት። ኋላ አንድ የሐርቫርድ ፕሮፌሰር በመጽሐፍ ያሰፈረውን አሠራር የእኛ ሕፃናት በጀርባቸው ያውቁት ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብዬ አንድ ነገር ልታዘብ። ያ በአለንጋ ግዕዝ የሚያነብ ልጅ ለዕረፍት ሲለቀቅ ከጓደኞቹ ጋር በአማርኛ ይሳደባል፣ ይዋሻል፣ ይከራከራል። ይህን ማን በአለንጋ አስተማረው?

በ1902 ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በረሃውን አቋርጦ ደረሰና ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ባቡሩ ፈረንሳይኛ ይዞ መጣ፤ ከተማዋ ላይ ከኦሮምኛ፣ ከሶማልኛ፣ ከአማርኛና ከዓረብኛ ጋር ተቀላቀለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1904፣ ሁለት ነገር ሆነ። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ በአሜሪካዋ ፔንሲልቬንያ ደግሞ ቡረስ ፍሬድሪክ ስኪነር ተወለደ። የፓቭሎቭ ውሾች ምግብ አፋቸው ሳይገባ ገና ምልክቱን ሲሰሙ ለሃጫቸው ይወርድ ነበር። ከምግብ ጋር ተደጋግሞ የቀረበ ድምፅ ብቻውን የምግብን ሥራ ይሠራል። ከዚህ ተነስቶ ቃልም እንዲህ ያለ ምልክት ነው ለማለት አንድ እርምጃ ይበቃል።

እርምጃውን የወሰደው ጆን ዋትሰን ነው። አጤ ምኒልክ ባረፉበት በ1913 ያሳተመው ጽሑፍ የቢሄቪየሪዝም አዋጅ ተደርጎ ይቆጠራል። አእምሮ፣ ኅሊና፣ ስሜት የሚባሉትን ሁሉ ከሳይንስ በር ውጭ አቁሞ የሚታይና የሚለካ ባህሪ ብቻ ይግባ አለ። ማሰብ ራሱ ለእሱ በጉሮሮ ውስጥ የታፈነ ንግግር ነበር። በ1920 ከሮዛሊ ሬይነር ጋር ሆኖ «አልበርት» ያሉትን ሕፃን ነጭ አይጥ ባየ ቁጥር ከኋላው የብረት ዘንግ በመዶሻ እየመቱ አይጥ እንዲፈራ አደረጉት። አንባቢ እዚህ ላይ ቢናደድ እኔም አብሬው ነኝ። ዋትሰን በዚያው ሰሞን ከሬይነር ጋር በነበረው ግንኙነት የተነሳ ከዩኒቨርሲቲው ወጥቶ የማስታወቂያ ሥራ ገባ። በ1933 የቋንቋ ሊቁ ሌናርድ ብሉምፊልድ ይህንኑ አስተሳሰብ ሰዋስው ውስጥ አስገባው፤ በምሳሌው አንዲት ልጅ ፖም አይታ ትራባለች፣ ድምፅ ታሰማለች፣ ጓደኛዋ ዛፉ ላይ ወጥቶ ያወርድላታል። ቋንቋ ማለት በአንዱ ሰው ረሃብና በሌላው ሰው እጅ መካከል ያለ ድልድይ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ራት ነው። በ1934 ወጣቱ ስኪነር ሐርቫርድ ውስጥ ከፈላስፋው አልፍሬድ ኖርዝ ዋይትሄድ ጎን ተቀምጦ ስለ ቢሄቪየሪዝም ያለማቋረጥ ይሰብካል። ሽማግሌው ታገሡት። የሰውን ባህሪ ሳይንስ ሊያስረዳው ይችል ይሆናል፣ ንግግር ግን ይቀራል አሉትና ፈተና ሰጡት፦ አሁን እዚህ ተቀምጬ ጥቁር ጊንጥ በዚህ ጠረጴዛ ላይ እየወደቀ አይደለም ብልህ፣ ለምን እንዳልኩ አስረዳኝ። በማግስቱ ጠዋት ስኪነር ስለ ንግግር የሚጽፈውን መጽሐፍ መንደፍ ጀመረ። የወጣው በ1957 ነው። ለአንድ ጊንጥ መልስ ሃያ ሦስት ዓመት! በመሐሉ ሥራ አልፈታም። በዓለም ጦርነት ጊዜ እርግቦች ምስል እየጠቆጠቆጡ ቦንብ እንዲመሩ አሠልጥኗል (ጦሩ ግን አልተጠቀመባቸውም)፤ የልጁን የሒሳብ ክፍል ጎብኝቶ ከተናደደ በኋላ ደግሞ የማስተማሪያ መኪና ሠርቷል። ከእርግብ ያየው ነገር ቀላል ነው። ጠቅ ስታደርግ ጥሬ ካገኘች ትደግመዋለች፤ ካላገኘች ትተወዋለች። ይህን ማጠናከሪያ አለው።

መጽሐፉን ወደ ዋሂል እናምጣው። ሕፃኑ ይንጫጫል፤ ከሚያወጣው ድምፅ አንዱ «ቢ» ይመስላል። እናቱ ፊቷ ይበራል፣ «ቢሻን?» ትለዋለች፣ ውሃ ታጠጣዋለች። ነገ ድምፁን ይደግመዋል። መጀመሪያ «ቢ» በቂ ነበር፤ ቆይቶ እናቱ «ቢሻ» ካላለ አትሰማውም፤ ቀጥሎ ቃሉን ሙሉ ትፈልጋለች። እንዲህ እየተጠረበ ቃሉ ይወጣል። ጠምቶት የሚለው «ቢሻን» ጥያቄ ነው፤ ስኪነር «ማንድ» አለው። ጎርፍ አይቶ በጣቱ እያሳየ የሚለው «ቢሻን» ደግሞ ስያሜ ነው፤ «ታክት» ይባላል፤ ሽልማቱ ውሃ ሳይሆን የእናት «አዎ» ነው። የሰማውን መልሶ ማስተጋባትም ራሱን የቻለ ስም አለው። ልጁ ለሶማሌዋ ጎረቤት «ቢዮ» ማለቱም ለስኪነር ችግር አልነበረም፤ ሰሚው ሲለወጥ የሚሸለመው ቃል ይለወጣል። ሦስት ቋንቋ ባለበት ገበያ የቆመ ሰው ይህን ሲያነብ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሻጭ የገዢውን ፊት አይቶ ቋንቋውን ሲቀይር ሽልማቱ ኪሱ ውስጥ ይንሿሿል።

የልጅ አስተዳደጋችንም ምስክር የሚሆንለት ይመስላል። ሕፃን ሲቆም «ወፌ ቆመች» ተብሎ ይጨበጨባል፤ «እማ» ሲል ቤቱ በእልልታ ይሞላል። ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር።

ማማሩ የቆየው ሁለት ዓመት አይሞላም። በ1958 ጂን በርኮ የምትባል ተመራማሪ ለትንንሽ ልጆች በዓለም ላይ የሌለ ወፍ መሰል ፍጥረት ሥዕል አሳየቻቸው። ይህ «ዋግ» ይባላል፤ አሁን ደግሞ ሌላ መጣ፤ ሁለት ምን ሆኑ? ልጆቹ ብዙ ቁጥሩን ያለ ጭንቅ አወጡት። ይህን ቃል ከዚያ በፊት ማንም ብሎላቸው አያውቅም፤ ስለ እሱ ማንም ከረሜላ አልሰጣቸውም። ቤትዎ ልጅ ካለ በአማርኛ ይሞክሩት፦ ይህ «ዱጲ» ነው ይበሉት፣ ሁለት ሲሆኑስ? «ዱጲዎች» ይልዎታል።

በ1959 የሠላሳ ዓመቱ ኖም ቾምስኪ የስኪነርን መጽሐፍ «ላንጉዊጅ» በተባለው መጽሔት ገመገመ። ቾምስኪ ከሴማዊ ቋንቋ ጋር ያደገ ሰው ነው፤ አባቱ የዕብራይስጥ ምሁር ነበሩ፣ የራሱም የማስተርስ ጽሑፍ በዕብራይስጥ ላይ ነው፤ ከአንድ ሥር ብዙ ቃል የሚበቅልበትን፣ እንደ አማርኛችን «ሰበረ»፣ «ሰባራ»፣ «ስብራት» የሚያሰኘውን አሠራር ያውቀዋል። ግምገማው ምሕረት የለውም። በእርግብ ሳጥን ውስጥ «ማጠናከሪያ» ማለት ጥሬ ነው፤ ይመዘናል፣ ይቆጠራል። ወደ ሰው ሲመጣ ግን ምስጋና፣ ደስታ፣ ገና የሚመጣ አንባቢ፣ ሁሉም ማጠናከሪያ ተባለ። ሁሉን የሚያስረዳ ቃል ምንም አያስረዳም አለ። ደግሞም ሰው በየቀኑ ሰምቶት የማያውቀውን አረፍተ ነገር ይናገራል፣ ሰምቶት የማያውቀውንም ይረዳል። ስለዚህ ልጁ ይዞት የሚወለድ ነገር አለ። ቾምስኪ አማርኛ አያውቅም እንጂ «አፍ መፍታት» የሚለውን አባባል ቢሰማ ይወደው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስኪነር ሙሉ መልስ አልጻፈለትም። የስኪነር ወገን የሆነው ኬኔት ማክኮርኮዴል መልስ የሰጠው በ1970 ነው፤ ያን ጊዜ ሰው ፊቱን አዙሯል።

ንድፈ ሐሳብ ሲሞት አሠራሩ ግን ወዲያው አይቀበርም። በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን የመጀመሪያው ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ1964 ደግሞ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ የቋንቋ ተቋም በሰርጅ ኦቦሌንስኪና ባልደረቦቹ የተዘጋጀ የአማርኛ መማሪያ አወጣ። የዘመኑ ዘዴ ቋንቋን እንደ ልማድ የሚያይ ነው፦ ንግግር ይሸመደዳል፣ ከዚያ አንድ ቃል እየተነሳ ሌላ ይተካበታል፣ ተማሪው ሳያስብ እስኪመልስ ይደጋገማል። መጽሐፉ የት ነው? ብዕሩ የት ነው? ቁልፉ የት ነው? እኛም እንግሊዝኛን የተማርነው በዚሁ ነው። «ከእኔ በኋላ ድገሙ» ይባላል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ያስተጋባል። እነዚህን መልመጃዎች የሚንቅ ሰው አለ፤ እኔ አልንቃቸውም። «ጨ»ንና «ጰ»ን ለባዕድ ምላስ የሚያስተምር ከድግግሞሽ የተሻለ ነገር አላየሁም። ችግሩ ከመማሪያው ክፍል ውጭ ያለው ገበያተኛ ብዕሩ የት እንደሆነ አለመጠየቁ ነው።

በዚያው በ1962 ሐርቫርድ ውስጥ ሮጀር ብራውንና ተማሪዎቹ አዳም፣ ሔዋንና ሣራ የሚል የብዕር ስም የሰጧቸውን ሦስት ልጆች በየቤታቸው እየሄዱ መቅዳት ጀመሩ። በ1970 ብራውንና ካሚል ሃንሎን ከዚህ ክምችት ውስጥ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፦ እናቶች በእርግጥ የሚያጠናክሩት ምንድን ነው? የተገኘው አስቂኝ ነው። ሔዋን እናቷን በወንድ ተውላጠ ስም ጠርታ ሴት ናት የሚል ነገር ብትል እናቷ ትክክል ነሽ አለቻት፤ ነገሩ እውነት ነዋ! በሰዋስው የተሟላ ነገር ግን ሐሰት የሆነ አረፍተ ነገር ደግሞ ይታረማል። ወላጅ የሚሸልመው እውነትን ነው፤ ሆኖም እነዚህ ልጆች አድገው ሰዋስዋቸው የጠራ፣ እውነታቸው የሚያጠራጥር አዋቂዎች ይሆናሉ።

የእኛን ቤት ብራውን ቢቀዳ የሚደነቅበት ሌላ ነገር ነበር። በአማርኛ ወንድ ልጅን በፍቅር «ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ» ማለት፣ ሴቷን «አንተ» ብሎ ማቆላመጥ የተለመደ ነው። ልጁ ከሚሰማው ብቻ ቢማር ጾታን እንዳማሰለ ይቀር ነበር። አይቀርም፤ ሥርዓቱን ያውቃል፣ የሥርዓቱን መጣስም ፍቅር መሆኑን ያውቃል።

የሚገርመኝ ግን «ና» የሚለው ቃል ነው። «መጣ» ከሚለው ግሥ ትእዛዙ በደንቡ «ምጣ» መሆን ነበረበት፤ እኛ ግን «ና» እንላለን። ኦሮምኛም እንዲሁ ነው፤ «መጣ» «ዹፌ» ሲሆን ትእዛዙ «ኮቱ» ነው። ሶማልኛም «ካላይ» የሚለው ትእዛዝ ከሌላው የግሡ እርባታ ጋር አይገናኝም። ሕፃን ቀኑን ሙሉ የሚጠራበት ቃል በሦስቱም አፍ ከሥርዓት ያፈነገጠ ነው። ባህሪ ተኮሩ እዚህ ላይ የድርሻውን ይወስዳል፦ እንዲህ ያለ ወጣ ያለ ቃል የሚዘልቀው በድግግሞሽ ብዛት ነው። ነገር ግን አንድ ዘመዴ የሆነ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ታላቁን ከአሻንጉሊቱ ሲያባርር «አትና!» ሲለው ሰምቻለሁ። ይህን ቃል የሚናገር አዋቂ የለም። ከ«ሂድ» «አትሂድ» ከወጣ ከ«ና» «አትና» ይወጣል ብሎ ያወጣው ራሱ ነው። ቤተሰቡ ስቆ አቀፈው፤ በስኪነር ሒሳብ ስህተቱ ተሸልሟልና ሊጸናበት ይገባ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ማንም ሳያርመው ተወው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢሄቪየሪዝም አልጠፋም፤ ቦታውን አጠበበ። ኦቲዝም ያለባቸው፣ ቋንቋ እንደ ሌላው ልጅ ሳይጠራ የማይመጣላቸው ልጆች ዘንድ ገባ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኢቫር ሎቫስ በ1960ዎቹ ቃልን በቁራጭ ቁራጭ በምግብ እየሸለመ አስተማረ፤ በጥፊና በኤሌክትሪክም ቀጥቷል፤ ይህ ቅጣት እስከ ዛሬ ስሙን ያጠቁረዋል። በ1987 ባወጣው ጥናት በሳምንት 40 ሰዓት ከሠለጠኑት 19 ልጆች 9ኙ በመደበኛ ክፍል ለመማር መብቃታቸውን ዘገበ፤ ውጤቱ አከራክሯል፣ ዘዴው ግን ዓለምን ዞረ። አዲስ አበባ ውስጥ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የልጃቸው ኦቲዝም ከታወቀ በኋላ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረቱ፤ የጆይ ማዕከል የዚያ ፍሬ ነው። አፋቸውን ላልፈቱ ልጆች «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ያሉትን መንገድ የቀየሱት ከአማርኛ ፊደል ተነስተው ነው። የፊደላችን እያንዳንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ስለሆነ ለተቸገረ አፍ መቆናጠጫ ይሆናል። የየኔታ ድግግሞሽ ያለ አለንጋ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ወይዘሮ ዘሚ በ2021 አረፉ።

መካከለኛውን መንገድ ያሳየው የ1996 ሙከራ ነው። ጄኒ ሳፍራንና ባልደረቦቿ ለስምንት ወር ሕፃናት ትርጉም የሌለው የድምፅ ሰንሰለት ለሁለት ደቂቃ አሰሙ። ሕፃናቱ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ጋር አዘውትሮ እንደሚመጣ ቆጥረው የ«ቃላቱን» ድንበር ለዩ። ድግግሞሽ አለ፤ ሽልማት ግን የለም። ኢብን ኻልዱን ቢሰማ ግማሽ ድል ነው ይል ነበር።

ወደ ዋሂል ልመለስ። በ2007ቱ ቆጠራ ድሬዳዋ አስተዳደር 341,834 ሰው ነበረው፤ ከመቶ 46ቱ ኦሮሞ፣ 24ቱ ሶማሌ፣ 20ው አማራ። ከ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻቸው ይማራሉ፤ በአስተዳደሩም አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ማስተማሪያ ሆነዋል። «ቢሻን» ብሎ ያደገው ልጅ አሁን ቃሉን በቁቤ ሲጻፍ ያየዋል፤ መምህሩ ይላል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይደግማል። ደወል ሲደወል እየተጋፉ ይወጣሉ። ሜዳው ላይ ከአንድ ጥግ «ኮቱ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ከወዲያኛው ደግሞ «ካላይ!»፤ የተጠራው ልጅ የጨርቅ ኳሱን ታቅፎ ቆሞ ወደ ማን እንደሚሮጥ ያሰላስላል።